የባለማማው ጥሩምባ

ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት

ታኅሣሥ ገብቷል። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ የግቢያችንን ሣር ነጭ አድርጎታል። ከቤት ስወጣ ጥሩምባውን በእማዬ ነጠላ ጠቅልዬ ድሮ ትምህርት ቤት እይዘው በነበረው ቦርሳ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ወደ አንኮበር የምሄደው በዚህ ጥሩምባ ምክንያት ስለሆነ መጀመሪያ ስለ እሱ ልጻፍ።

ጥሩምባው የበሬ ቀንድ ነው። አፉ ላይ ቆርቆሮ ተገጥሞለታል። የታላቅ ወንድሜ የደምሴ ነበር። ደምሴ ከአንኮበር በታች ባለው ደን ውስጥ ጥበቃ ነበር። ባለፈው መጋቢት ደኑ ተቃጠለ፣ እሱም ሞተ። አስከሬኑን ያመጡት ሰዎች ጥሩምባውንም አብረው አመጡት።

እዚያ አገር እሳት ሲነሳ ሰው ሁሉ እርጥብ ቅርንጫፍና ገጀራ ይዞ ይወጣል። አንድ ሰው ብቻ እሳቱ ውስጥ አይገባም። ከእሳቱ ፊት ለፊት ካለ ትልቅ አለት ላይ ይቆማል። አለቱን ማማ ይሉታል፣ ሰውየውን ደግሞ ባለማማ። እሳቱን በሙሉ የሚያየው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰውን በጥሩምባ ያዛል። ሁለቴ አጭር ከነፋ ወደ ግራ፣ ሦስቴ አጭር ከነፋ ወደ ቀኝ ነው። አንድ ረጅም ከነፋ ደግሞ የያዛችሁትን ጥላችሁ ወደ ጥሩምባው ድምፅ ሩጡ ማለት ነው። ወንድሜ ባለማማ ነበር።

ባለማማ ከሞተ ጥሩምባውን ለአዲሱ የሚሰጠው የሟቹ ዘመድ ነው። ዘመድ በእጁ ካልሰጠው አዲሱ አይነፋም። ልማዳቸው ነው። በኅዳር የዚያ አገር ቄስ መምሬ ጥላሁን ስልክ ደውለው አዲስ ሰው መመረጡን ለእማዬ ነገሯት።

«ሂድና ስጣቸው» አለችኝ።

«እነሱ ገድለውት ጥሩምባውን እኔ ልውሰድላቸው?»

«እዚህ ተሰቅሎ ምን ይሠራልኛል? የእድር ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ቀና ብዬ የማየው ያንን ነው።»

እማዬ ያላወቀችው ነገር ነበር። በለቅሶው ቀን አስከሬኑን ካመጡት ሰዎች አንዱ ድንኳኑ ጥግ ላይ ጎኑ ላለው ሰው ሲያንሾካሹክ ሰምቼዋለሁ። «በግጥም ነድፈው ነው ከማማው ያወረዱት» ነው ያለው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህን ቃል ይዤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ብርድ ልብስ ሳጥፍ ከረምኩ። ማን ገጠመ? ምን ብሎ ገጠመ? ለእማዬ እሺ አልኳት። በልቤ ግን ሰውየውን ሳላገኝ ጥሩምባውን ለማንም እንደማልሰጥ ወስኜ ነበር።

መነኻሪያው ላይ ረዳቱ «አንኮበር! የሞላ! የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ገብቼ ሳይ ውስጥ አንዲት ሴትና የታሰሩ ዶሮዎቿ ብቻ ናቸው። መቶ ሃምሳ ብር ከፈልኩ። መኪናው እስኪሞላ ሻይ በቦንቦሊኖ ወሰድኩ። ቦንቦሊኖው የትናንት ነበር።

ፍተሻው

ከከተማ ወጣ እንዳልን ፍተሻ ላይ አስወረዱን። ፈታሹ ልጅ እግር ነው። ቦርሳዬን ከፍቶ ነጠላውን ፈታ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥሩምባ።»

«ለሠርግ?»

«አይደለም።»

«እስቲ ንፋው።»

«አልችልም።»

«የማትነፋውን ጥሩምባ ይዘህ ምን ታደርጋለህ?» አለና ራሱ አፉ ላይ አደረገው። ጉንጩን ነፍቶ ሲሞክር ትፍትፍ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ። ሰዎቹ ሳቁ። ከእጁ ቀማሁት። ቀና ብሎ ዓይኔን ሲያየኝ ምን እንዳየ አላውቅም። «ግባ፣ ግባ» አለኝ።

ደምሴ ከዚያ ቀንድ ድምፅ ለማውጣት አንድ ክረምት እንደፈጀበት ነግሮኝ ያውቃል። ከንፈሩ ቆስሎ ቤት ሲመጣ እማዬ በማር ትቀባው ነበር። ይህን ለፈታሹ ለምን ልንገረው? አልነገርኩትም።

ዳገቱ ላይ

መንገዱ ሜዳውን ጨርሶ ወደ ደጋው ሲወጣ ጉም ገባን። የገብስ ክምሮች አንዴ ብቅ ይላሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። ቀዝቃዛ ነው። አንድ ኮረኮንች ዳገት ላይ መኪናው እንቢ አለ። ሹፌሩ ሦስቴ አስነስቶ ሦስቴ ጠፋበት።

«ወንዶች ውረዱ፣ ግፉ!» አለ ረዳቱ።

ወርደን ገፋን። ጭቃ አልነበረም፣ አቧራውና የመኪናው ጥቁር ጭስ ግን ፊታችን ላይ ነው የሚወጣው። አንድ ነጭ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ዳር ላይ ቆሟል። ከጎኔ የሚገፋው ቦት ጫማ ያደረገ ጎረምሳ አየው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«እኛ ከል ለበስን ጭስ እያጠቆረን፣
ሙሽራው ማማ ላይ ቆሞ እያማተረን።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሌሎቹም ተቀብለው እየገፉ ደገሙት። ዶሮ የያዘችው ሴትም በመስኮት ሆና ደገመችው። ነጭ ጃኬት የለበሰው አፈረና እየሮጠ መጥቶ መግፋት ጀመረ። መኪናው ተነሳ።

እኔ እጄን ከመኪናው አንስቼ ቆሜ ቀረሁ። ማማ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነው። መኪናው ውስጥ ስንገባ ጎረምሳውን ያዝኩት።

«ያንን ግጥም ከማን ሰማኸው?»

«የቱን? የሙሽራውን?» ሳቀ። «አንኮበር ላይ የማያውቀው የለም። ሰው ሲለግም የሚባል ነው።»

«መጀመሪያ ስለማን እንደተባለ ታውቃለህ?»

«እሳት ላይ ስለለገመ አንድ ጥበቃ ነው አሉ።»

መኪናው ጠባብ ነው፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ይነካል። ልመታው ይገባ ነበር። ቦርሳዬን አቅፌ በመስኮት አየሁ። ከውጭ ጉም ብቻ ነው ያለው። ስለለገመ አሉ። ወንድሜ አፈር ውስጥ ነው፣ እነሱ መኪና ይገፉበታል።

ጎረቤላ

የአንኮበር ከተማ ጎረቤላ ስንደርስ ጉሙ ተገልጦ ቆላው ታየ። ከገደሉ ጫፍ ሆኖ ወደ አልዩ አምባ ሲያዩት አገሩ የሚያልቅ አይመስልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አድንቄ እጽፍ ነበር። ደምሴ እንዳየው አስቤ ተናደድኩ።

አንድ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ በላሁ፣ የነቢያት ጾም ስለሆነ ሌላ ነገር የለም። ባለቤቲቱ ሽሮውን ስታቀርብ ጠየቅኳት። ወንድሙ መሆኔን አልነገርኳትም።

«የሙሽራውን ግጥም ማን ገጠመው?»

«ቆለኞቹ ናቸው» አለች። «እነሱ ምላሳም ናቸው።»

አጠገባችን ጨው ጭኖ የመጣ አንድ የአልዩ አምባ ነጋዴ ተቀምጦ ነበር። «ወላሂ ደገኞቹ ናቸው» አለ። «እኛ እሳት ስናጠፋ ነበር፣ ለግጥም ጊዜ አልነበረንም።»

«አንቺ ብለሽዋል?» አልኳት ሴትዮዋን።

«ሁሉም ሲል እኔስ ምን ልበል? ተቀበልኩ እንጂ አላወጣሁም።»

«አንተስ?»

«ተቀብያለሁ» አለ ነጋዴው ሻዩን እያማሰለ። «ማን ያልተቀበለ አለ?»

ሽሮውን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቁልቁል

መምሬ ጥላሁን መንገዱ ጫፍ ላይ በበቅሎ ጠበቁኝ። በቅሎዋ ለእኔ ነበረች። በእግሬ እሄዳለሁ አልኳቸው፣ እሳቸውም በቅሎዋን እየሳቡ አብረውኝ በእግር ወረዱ። መንገዱ በደረቅ ቅጠል ስለተሸፈነ ያንሸራትታል። ጽድና ኮሶ ይበዛል። ጭላዳዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ሣር ይነቅላሉ። ከዚያ በአንድ መታጠፊያ ላይ ደኑ አለቀና ጥቁር ግንዶች ብቻ ቆመው አየሁ። ከሥራቸው አረንጓዴ ሣር በቅሏል።

«እዚህ ነው?» አልኳቸው።

«እዚያ ማዶ ነው፣ ከሸለቆው» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ልጄ፣ የምትጠይቀውን ሰምቻለሁ። ምግብ ቤት የጠየቅኸው ቀድሞህ ደርሷል» አሉኝ።

«ታዲያ ይንገሩኛ፣ አባ። ማነው?»

«ነገ ራሱ ይነግርሃል።»

«እርስዎ እዚያ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ውሃ እያቀበልኩ ነበር።»

«ግጥሙ ሲባልስ?»

ቁልቁለቱ ላይ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ደቦ ታውቃለህ? አጨዳ ላይ፣ እርሻ ላይ አንድ ሰው ከቆመ በግጥም ይነደፋል። አፍሮ ይገባና ሥራው ይሄዳል። የአገሩ ወግ ነው። ክፋት አልነበረውም። ሰዉ እሳቱን እንደ ደቦ ቆጠረው።»

«እኔ የጠየቅኩት እርስዎን ነው።»

«ሳቅሁ» አሉ። «ሳቅሁ፣ ተቀበልኩም። ቄስ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

የቀረውን መንገድ ከእሳቸው ፈንጠር ብዬ ወረድኩ። በዚያ ምሽት ቤታቸው አደርኩ። መደባቸው ላይ ሁለት አጎዛ ደርበው አነጠፉልኝ፣ ሚስታቸው እግሬን ልጠብ አለችኝ። አላሳጠብኩም። የደግነታቸው ብዛት የበለጠ አናደደኝ።

ማማው

ማግስቱ የመጥረጊያው ቀን ነበር። በየዓመቱ ሣሩ ሙሉ በሙሉ ከመድረቁ በፊት ደጋውም ቆላውም ወጥቶ በደኑ ዳር ማገጃ ይጠርጋል። ማገጃ ማለት እሳት እንዳይሻገር ሣሩ እስከ አፈሩ የተፋቀ ሰፊ መስመር ነው። አዲሱ ባለማማ ጥሩምባውን የሚቀበለውም በዚሁ ቀን ነው፤ መጀመሪያ የሚያዘው ጠራጊዎቹን ነው።

ሰው ዶማና ገጀራ ይዞ ከአለቱ ሥር ተሰብስቧል። ነጠላ የለበሰም ሽርጥ ያገለደመም አለ። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። መምሬ ጥላሁን ወደ አለቱ ራስ አወጡኝና ተመለሱ። እዚያ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይጠብቀኛል። ዕድሜው አርባ ቢሆን ነው፣ ቀጭን፣ የሽርጡ ጫፍ በእሳት የተበላ።

«ሰይድ እባላለሁ» አለኝ። «ከታች ከቆላው ነኝ። የተመረጥኩት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ያን ቀን ነበሩ?»

«ነበርኩ። ና፣ መጀመሪያ ይህን እይ።»

ከማማው ቆሜ አየሁ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ታች ያለው ሰው ፊቱ ያለውን አንድ ቁጥቋጦ ነው የሚያየው። ከዚህ ግን ሸለቆው፣ ሁለቱ ጥጎች፣ ደኑ፣ ከደኑ በታች ያለው ማሳ፣ ሁሉም ይታያል። ሰይድ ሩቅ ወደ አልዩ አምባ መንገድ በጣቱ አሳየኝ።

«ከቀትር በኋላ የቆላው ነፋስ ሽቅብ ይነሳል። መጀመሪያ እዚያ መንገድ ላይ አቧራ ታያለህ። አቧራው ከታየ ነፋሱ እዚህ ሳይደርስ ሰው ለማውጣት ጊዜ አለ። ይህን ያስተማረኝ ወንድምህ ነው። ሲደክመው እንድተካው ያለማመደኝ ነበር።»

«ያን ቀን አቧራውን ማን አየ?»

«ማንም። ወርዶ ነበራ።»

ከዚያ ሳልጠይቀው ሁሉንም ነገረኝ። እሳቱን ያስነሳው ማር ቆራጭ ነው፣ ንብ በጭስ ሲያባርር። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲያጠፋ ዋለ። ቀትር ላይ ሁሉም ደከመ፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ቅንድቡ ተለበለበ። ቀና ሲሉ ደምሴ ጃኬቱን እንደለበሰ አለቱ ላይ ቆሟል። አንድ ሰው ግጥሙን አወጣ። ሰዉ ተቀበለ። ደምሴ መጀመሪያ ሳቀ፣ እጁን አወዛወዘ። ደገሙት። ሴቶቹ እልል እያሉ ደገሙት። በሦስተኛው ጃኬቱን አውልቆ ጣለና ቅርንጫፍ ይዞ ወረደ። ሰዉ አጨበጨበለት። ጎበዝ ተባለ።

«ከዚያ ነፋሱ መጣ» አለ ሰይድ። «እሳቱ ከሥራችን ዞረ። ደምሴ በጭሱ መሀል ሆኖ ጥሩምባውን አነሳ። አንድ ረጅም ነፋ። እኛ ደግሞ ምን ተባልን? ረጅም ሲነፋ ወደ ጥሩምባው ሩጡ። ወደ እሱ ሮጥን። እሱ ያለው እሳቱ ጋ ነው።»

«እና?»

«ሲያየን መንፋቱን አቆመ። ጠዋት ተቃጥሎ ያለቀ ቦታ ነበር፣ ማዶ። እሳት ሁለቴ የማይበላው። እዚያ ሆኖ ቢነፋ እንደምንተርፍ አወቀ። ለመድረስ ግን በእሳቱ ጠርዝ መሮጥ ነበረበት። ሮጠ። ከማዶ ሲነፋ ሰማን፣ ዞረን ወደዚያ ሄድን። አንድ ሰው አልጎደለም። ስንደርስ ጥሩምባውን ይዞ ተቀምጧል። ልብሱ የለም። ትንፋሹ ያፏጫል። ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ። ነፍሱን ይማረው።»

«ግጥሙን ማን አወጣው?» አልኩ።

«እኔ።»

ከእሱ አንድ እርምጃ ራቅሁ።

«ደቦ ላይ አውጪ እኔ ነኝ» አለ። «ከልጅነቴ። አፌ ላይ መጣ፣ አወጣሁት። የገዛ አስተማሪዬን።»

ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አልቻልኩም። «አንተ ገድለኸው አንተ ትተካዋለህ? ሌላ ሰው አጥተው ነው?»

«እሱን የሚያህል የለም፣ ካሉት ግን እሱ ያስተማረው እኔን ብቻ ነው። ሲመርጡኝ አልቆምም አልኩ። ወንድሙ ይጠራ፣ ማን መሆኔን ሰምቶ ካልሰጠኝ አልነካውም አልኩ። ሳታውቅ ሰጥተኸኝ ቤትህ ሆነህ ብትሰማ ያ ሌላ ግድያ ነው።»

«ይቅርታ ፈልገህ ነው ያስጠራኸኝ?»

«አይደለም። ይቅርታህን ለራስህ ያዘው።»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ጥሩምባውን አውጥቼ ከአለቱ ጫፍ ቆምኩ። ገደሉ ከእግሬ ሥር ነው። አንድ ውርወራ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ሰይድ አልከለከለኝም፣ አልተጠጋኝምም። ታች ያለው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል። እነዚህ ሁሉ በወንድሜ ትንፋሽ የዳኑ ናቸው። ዳኑና ግጥሙን ይዘው ቀሩ፣ ጎረቤላ ድረስ፣ ደብረ ብርሃን መንገድ ድረስ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ አልነበረም፣ የንዴት ነው።

«ለዛሬ ያዘው» አልኩና ሰጠሁት። «ማታ እወስደዋለሁ ወይም እተውልሃለሁ።»

የመጥረጊያው መስመር

ወረድኩና ከአንድ ሽማግሌ ዶማ ተቀብዬ ከጠራጊዎቹ ጋር ገባሁ። ሥራው ከባድ ነው። ሣሩ ሥሩ ጠንካራ ነው፣ አፈሩ ድንጋይ አለው። ትንሽ ቆይቶ እጄ ውሃ ቋጠረ፣ ላብ ዓይኔ ገባ። ቀና ስል ሰይድ አለቱ ላይ በንፁህ ነፋስ ቆሟል። አንድ ነገር ልናገር፦ ታች ሆኖ ሲያዩት ያናድዳል። እኔ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ፣ ግን አናደደኝ። ያን ቀን የሆነባቸው ይህ እንደነበረ ገባኝ። ስለገባኝ ግን አልማርኳቸውም።

ቀጥ ብዬ ቆምኩና በሙሉ ድምፄ አልኩት፦

«እኛ ከል ለበስን ጭስ እያጠቆረን፣
ሙሽራው ማማ ላይ ቆሞ እያማተረን።»

ዶማዎቹ ቆሙ። ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መምሬ ጥላሁን «ልጄ» አሉ፣ ግን አልቀጠሉም።

ሰይድ አልተነቃነቀም።

ደገምኩት። «ውረድ እንጂ!» አልኩት ጨምሬ። «ወንድሜ ወርዷል፣ አንተ ማነህ? ሽርጥህ እንዳይቆሽሽ ነው?» አንድ አሮጊት «ኧረ በማርያም» አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ስለው ድምፄ ተሰበረ፣ ግጥሙን አጋምሼ ተውኩት።

ከማማው ሁለት አጭር ድምፅ መጣ። ወደ ግራ። ያ ቀንድ ሲነፋ የሰማሁት ያኔ መጀመሪያዬ ነው። ደምሴ ቤት ሲመጣ እማዬ ሟርት ነው ብላ አታስነፋውም ነበር።

ሰዉ በሙሉ ዶማውን አንስቶ ወደ ግራ ሄደ። እኔ ብቻ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ከበላዬ ያለው ድንጋያማ ዳገት ላይ በጠራጊዎች የተፈታ አፈር ነበር፤ እኔ አላየሁትም፣ ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ።

ሁለት አጭር እንደገና ተነፋ። ሌላው ሁሉ ሄዷል። ይህ ለእኔ ብቻ ነበር።

ሄድኩ። ለምን እንደታዘዝኩ አላውቅም፣ እግሬ ነው የሄደው። ጥቂት ቆይቶ የበግ ጭንቅላት የሚያህሉ ድንጋዮች እየተንከባለሉ ቆሜበት ከነበረው ቦታ ላይ አለፉ። ሽማግሌው ድንጋዮቹንም እኔንም አየና ዶማውን ቀጠለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ አለቱ ወጣሁ። ሰይድ ጥሩምባውን በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ከንፈሩ ደምቷል።

«ያንተ ነው» አልኩት።

«አላህ ይስጥልኝ።»

«ይቅር አላልኩህም።»

«አላልከኝም» አለ።

ነጠላውን ብቻ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ።

መልስ

በማግስቱ ከጎረቤላ ስነሳ ያው መኪና፣ ያው ረዳት ደረሰኝ። ያ ዳገት አሁን ቁልቁለት ነው፣ ስለዚህ መግፋት አልነበረም። ግን አንድ ጆንያ ድንች ከጣሪያ ላይ ወድቆ ወንዶች ሲለቅሙ አንዱ ተሳፋሪ ቆሞ አየ። ረዳቱ ፈገግ ብሎ «እኛ ከል ለበስን» ብሎ ጀመረና የሚቀበለው ሰው ፍለጋ እኔን አየኝ።

«ሙሽራው ደምሴ ይባላል» አልኩት። «ወንድሜ ነው። የሞተው ሰው ሲያወጣ ነው።»

ረዳቱም ተሳፋሪዎቹም ጎንበስ ብለው ድንች ለቀሙ።

እማዬ በር ላይ ነበረች። ቦርሳዬን በእጇ መዝና መቅለሉን አወቀች።

«ማን ወሰደው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ግጥሙን ማን እንዳወጣው፣ እኔም በእሱ ላይ እንደደገምኩት። ነጠላዋን እያጠፈች ሰማችኝ። ነጠላው የቀንድ ሽታ ይዟል።

«ስትሰድበው ቆመ?» አለችኝ።

«ቆመ።»

«ታዲያ የእኔ ልጅ ለምን መቆም አቃተው?»

ይህን መንገድ ሁሉ ስጠይቀው የመጣሁት ነገር እሱ እንደነበር ያኔ ነው የታወቀኝ። መልሱንም ያኔ ነው ያገኘሁት።

«እማዬ፣ ሰይድን የሰደብኩት ብቻዬን ነው። ማንም አልተቀበለኝም። ደምሴ ላይ ግን አገሩ ሁሉ ተቀበለ።»

እማዬ ነጠላውን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ እንደገና ፈታችው።

ወደ አንኮበር ስሄድ የምፈልገው አንድ ሰው ነበር። አገኘሁት፣ ስሙንም ጻፍኩ፣ እሱ ራሱ እንድጽፈው ፈቅዷል። ንዴቴ ግን እሱ ላይ አልቆመም። አውጪ ዝም ካሉት ግጥሙ አፉ ውስጥ ይቀራል። «ተቀበልኩ እንጂ አላወጣሁም» ያሉኝ ሁሉ፣ ሽሮ ያቀረበችው፣ ሻይ ያማሰለው፣ ቄሱም ጭምር፣ ወንድሜን ከአለቱ ላይ ያወረዱት እነሱ ናቸው። ዛሬም ያ ግጥም መኪና ይገፋል።

እዚህ የጻፍኩት እንድታውቁት ብዬ ነው። አንድ ቀን የሆነ ቦታ ሰዎች ሲሠሩ፣ አንድ ሰው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ሲያይ ልትሰሙት ትችላላችሁ። አትቀበሉ።